ከትንንሽ ልጆች ጋር የገና ጌጥ ሲሠሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ማርከሩ፣ ባለቀለም ወረቀቱና ኮላው ከፒያሳ ወይም ከአራት ኪሎ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ይገዛል። የሶፍት ካርቶን፣ ቆርኪና የሹራብ ክር ደግሞ ከቤት አይጠፋም። ለትንሽ ልጅ ይህ ይበቃል። ጌጡ የሚበላሸው ብዙውን ጊዜ ዕቃ ጎድሎ አይደለም፤ ወይ ሳይደርቅ ተቸኩሎ ነው፣ ወይ የአዋቂ እጅ የሚፈልግ ሥራ ለአራት ዓመት ልጅ ተሰጥቶ ነው።

ሥራውን ለዋዜማ ማቆየት

ገና ታኅሣሥ 29 ይውላል፤ በዘመነ ዮሐንስ ደግሞ 28። በዋዜማው ቤቱ በሽንኩርት ከተፋና በዳቦ ሊጥ ተይዟል፣ ጠረጴዛውም ባዶ አይሆንም። ነጭ ኮላ እንዳይንሸራተት ሆኖ ለመያዝ ግማሽ ሰዓት፣ አጥብቆ ለመያዝ ግን አንድ ሙሉ ቀን ይፈልጋል። ከዱቄት፣ ከጨውና ከውኃ ተቦክቶ ጌጥ የሚሠራበት የጨው ሊጥ በአየር ሲደርቅ ከ3 እስከ 4 ቀን ይወስዳል። ስለዚህ ከታኅሣሥ 18 ወይም 20 ጀምሮ በየቀኑ 20 ደቂቃ መሥራት ይሻላል፤ የሦስትና የአራት ዓመት ልጅ ከዚያ በላይ ቁጭ ብሎ ሲሠራ እምብዛም አይታይም። አንድ ቀን ማቡካት፣ ሌላ ቀን መቀባት፣ ሌላ ቀን ክር ማስገባት።

የጨው ሊጡን በግምት ማቡካትና በችኮላ ማድረቅ

ከሁሉም በላይ የሚበላሸው ይህ ነው፤ ከሁሉም በላይ ልጆች የሚወዱትም ይኸው ነው። እንቁላልም ቅቤም ስለማይገባበት በነቢያት ጾም ወቅት ለሚጾም ቤት የተመቸ ነው።

መጠኑ 2 ብርጭቆ የፉርኖ ዱቄት፣ 1 ብርጭቆ ደቃቅ ጨውና እስከ 1 ብርጭቆ የሚደርስ ውኃ ነው። ውኃውን በአንድ ጊዜ አይገልብጡት። መጀመሪያ ሦስት አራተኛውን ያፍሱ፣ ከዚያ በማንኪያ በማንኪያ ይጨምሩ። ጨው ቀስ ብሎ ስለሚሟሟ፣ መጀመሪያ ደረቅ የመሰለው ሊጥ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ይለሰልሳል። 10 ደቂቃ ያህል ይሹት፤ እጅ ላይ ከተጣበቀ አንድ ማንኪያ ዱቄት ይነስንሱበት። ጨዉ ጠጠር ያለው ከሆነ በቅድሚያ ይወቀጥ፤ ያልሟሟ ጠጠር በደረቀ ጊዜ ሊጡን ይሰነጥቀዋል።

ሊጡ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ውፍረት ይኑረው። ከዚያ ከወፈረ ውስጡ እርጥብ ሆኖ ይቀራል፣ ከቀጠነ ደግሞ ሲነሳ ይሰበራል። ክቡን በቡና ሲኒ አፍ ልጁ ራሱ ይቁረጠው። የክሩን ቀዳዳ ሊጡ እርጥብ ሳለ፣ ከጠርዙ አንድ ሴንቲ ሜትር ገባ ብለው በስትሮ ይብሱት። ከደረቀ በኋላ በሚስማር ልብሳ ካሉ ለሁለት ይከፈላል።

የታኅሣሥ ፀሐይ ደረቅና ብርቱ ስለሆነ ብዙ ሰው ሊጡን ወዲያው በረንዳ ላይ ያሰጣዋል። ላዩ ቀድሞ ደርቆ ይኮማተራል፣ ሥሩ ገና እርጥብ ነው፣ በዚህ ጊዜ ጠርዙ ወደ ላይ ይቆለመማል፤ ፊቱም ይሰነጠቃል። የመጀመሪያውን ቀን አየር በሚያገኝ ጥላ ውስጥ፣ ወንፊት ላይ ያኑሩት። ጠዋትና ማታ ይገልብጡት። በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ፀሐይ ላይ ያውጡት፣ ማታ ግን ጤዛ እንዳያገኘው ወደ ቤት ያስገቡት።

ኦቨን ካለ በ100 ዲግሪ ከ2 እስከ 3 ሰዓት ያቆዩት። እሳቱ ከበዛ ውስጡ የቀረው ውኃ እንፋሎት ሆኖ ጌጡን ይነፋዋል፣ ፊቱም ይጠቁራል። መካከል ላይ መብራት ቢጠፋ ምንም አይበላሽም፤ እዚያው ትተውት ሲመጣ ይቀጥሉ። ምጣድ ግን አይሆንም፤ ሥሩን አሳርሮ ላዩን ጥሬ ይተወዋል።

መድረቁን ለማወቅ ጉንጭዎ ላይ ያስጠጉት። ቀዝቀዝ ካለ ገና እርጥበት አለው። እርጥበት እያለው ከተቀባ ቀለሙ ይላጣል፣ ከውስጥም ሊሻግት ይችላል።

ቀለም ከኩሽና ማግኘት ለሚፈልግ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ እርድ ሊጡን ጥሩ ቢጫ ያደርገዋል፤ መስኮት ላይ ከተሰቀለ ግን ይደበዝዛል። የቀይ ሥር ውኃ የሚያምር ሮዝ ይሰጣል፣ ኦቨን ሲገባ ግን ወደ ቡናማ ይለወጣልና በአየር ብቻ ይድረቅ። በርበሬ በፍጹም አይግባ፤ ልጅ በዚያው እጁ ዓይኑን ያሻል።

ይህ ሊጥ የዳቦ ሊጥ ይመስላል፣ ሁለት ዓመት የሞላው ልጅም ይቀምሰዋል። የጨዉ ብዛት ትንሽ ልጅን በእርግጥ ሊጎዳ ይችላል፤ ውሻንም እንዲሁ። ከሊጡ ጋር ልጁን ብቻውን አይተዉት።

ማጣበቂያውን ሳይለዩ መግዛት

ሱፐር ግሉ ከልጆች ጠረጴዛ ይራቅ። ጣትን በሰከንዶች ውስጥ ያጣብቃል። ብዙዎች የማያውቁት ደግሞ ጥጥ ሲነካ በኃይል እንደሚሞቅና ቆዳ ሊያቃጥል እንደሚችል ነው፤ የገና ጌጥ ደግሞ ጥጥ የበዛበት ነው። ጣት ከተጣበቀ አይጎትቱት፤ ለብ ባለ የሳሙና ውኃ ነክረው ቀስ ብለው ያላቁት።

ነጩን ኮላ ከነጠርሙሱ ለልጅ ከሰጡ ወረቀቱ ላይ ኩሬ ይሠራል፣ ሲደርቅም ይሸበሸባል። ቆርኪ ውስጥ ትንሽ ጠብ ያድርጉለትና በጣቱ ይቀባ፤ ለአንድ ቦታ የአተር ፍሬ የምታክል ትበቃለች። የአይስክሬም እንጨት የሚያጣብቁ ከሆነ በልብስ መቆንጠጫ ይያዙት፤ አለዚያ ልጁ ደጋግሞ እያነሳ ያየዋል፣ ደጋግሞም ይላቀቃል።

«ኮከብ ቁረጥ» ማለት

አምስት ጫፍ ያለው ኮከብ መቁረጥ ለአዋቂም ቀላል አይደለም፤ መቀሱ ወደ ውስጥ በሚታጠፈው ማዕዘን ላይ ይቆማል። መቀስ ለጀመረ ልጅ ስፋቱ 2 ሴንቲ ሜትር የሆነ ረጅም የወረቀት ቁራጭ ይስጡት። አንድ ጊዜ ቀጭ ሲያደርገው ይቆረጣል፣ ወዲያው ውጤቱን ያያል። ቁርጥራጩን ካርቶን ላይ ተቆርጦ በተዘጋጀ ኮከብ ላይ ይለጥፈው። አራት ዓመት ያለፈው ልጅ 3 በ20 ሴንቲ ሜትር በሆኑ ቁራጮች የወረቀት ሰንሰለት መሥራት ይችላል። አውራ ጣቱ ወደ ላይ መሆኑን ይመልከቱ፤ እጁ ከተገለበጠ ወረቀቱ ይታጠፋል እንጂ አይቆረጥም።

ጥቃቅኑን ነገር መናቅ

ሦስት ዓመት ያልሞላው ልጅ ባለበት ቤት በሶፍት ካርቶን ቀዳዳ የሚያልፍ ነገር ሁሉ አይቅረብ። ጨሌ፣ ቁልፍ፣ ሽምብራ፣ ቆርኪም ጭምር። ክብ ትንንሽ ባትሪ ያለው መብራት ግን ከሁሉም የከፋ ነው። ባትሪው ከተዋጠ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ጉሮሮን ያቃጥላልና ሳይዘገይ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል። ብልጭልጭ ዱቄትም ዓይን ይገባል፤ የከረሜላ ወረቀትና ፎይል ተቆራርጦ እኩል ያበራል።

ጥጥና ሻማ በጽድ ላይ

የተቆረጠ ጽድ ውኃ ካላገኘ በቀናት ውስጥ ይደርቃል፣ ሙጫም ስላለው እሳት ቶሎ ይይዘዋል። በእርጥብ አሸዋ በተሞላ ጣሳ ይትከሉትና በየቀኑ ውኃ ያጠጡት። በረዶ እንዲመስል የሚደረገው ጥጥ የሚሞቅ አምፖል እንዳይነካ፤ ሻማና ጧፍ በአጠገቡ አይብራ።

የልጁን ሥራ ማስተካከል

ከሶፍት ካርቶን በተሠራ በረት አጠገብ አንድ የጥጥ በግ ቆሟል እንበል። ሁለቱም ዓይኖቹ በአንድ ጎን ናቸው፣ አንድ እግሩም ከሌሎቹ ያጥራል። ልጁ ሲተኛ አንዱን ዓይን ነቅሎ ወደ ሌላው ጎን መውሰድ ያምራል። አያድርጉት። ልጅ የገዛ እጁን ሥራ ያውቃል፤ ጠዋት ሲያየው የእሱ አይደለም፣ ለሚቀጥለው ሥራም «አንቺ ሥሪልኝ» ይላል። እግሩ ካጠረ ከሥሩ የካርቶን ቁራጭ አብራችሁ አድርጉለት። አምሮ የተሠራ ጌጥ ካስፈለገ አዋቂው የራሱን ለብቻው ይሥራ።

ከበዓሉ በኋላ በፌስታል ማሰር

የጨው ሊጥ ጌጥ በክረምት እርጥበት ይስባል፤ በፌስታል ከታሰረ ያልበውና ይለሰልሳል። በጋዜጣ ጠቅልለው በካርቶን፣ ከወለል ከፍ አድርገው ያስቀምጡት። ከጀርባው የልጁን ስምና ዓመተ ምሕረቱን በእርሳስ ይጻፉ። በሚቀጥለው ታኅሣሥ ሲከፍቱት ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ላዩ ላይ ካዩ የወጣ ጨው ነው፤ በደረቅ ጨርቅ ይጥረጉትና ግማሽ ቀን ፀሐይ ላይ ያውሉት።