ሌሊቱን ሙሉ ተሰክቶ ጠዋት ባዶ፦ የዓይነ ስውራን ስልክና መሣሪያዎች የባትሪ ችግርና መፍትሄ

አዳማ ውስጥ ስልክ እጠግናለሁ። ከደንበኞቼ ብዙዎቹ ዓይነ ስውራን ናቸው፤ አንዱ ለሌላው እየነገረ ነው የሚመጡት። ገና ቁጭ ሳይሉ «ባትሪው ሞቷል፣ ቀይርልኝ» ይሉኛል። አብዛኛውን ጊዜ ባትሪው አልሞተም። አጥፍቶ ማብራትና ሌላ ሶኬት መሞከር ሁሉም የሚያውቀው ነው፤ እሱን አልደግመውም።

ምልክት፦ ማታ ሰካሁት፣ ጠዋት ግን 10 ፐርሰንት ነው

ጥፋቱ ያለው ቻርጅ ማድረጊያው ቀዳዳ፣ ማለትም ፖርቱ ላይ ነው። አዳማ ንፋሷ የመብራት ተርባይን የሚያዞር ከተማ ናት። አቧራው የማይገባበት ኪስ የለም። ኪስ ውስጥ ካለው የጨርቅ ብናኝ ጋር ይደባለቅና ፖርቱ ውስጥ ይገባል። ገመዱ በተሰካ ቁጥር ደግሞ ወደ ግርጌው ይጠቀጥቀዋል። ውሎ አድሮ እዚያ እንደ በርኖስ ጥቅጥቅ ያለ ነገር ይነጠፋል።

ከዚያ በኋላ የገመዱ ጫፍ ሙሉ በሙሉ አይገባም። የሚጎድለው ትንሽ ነው፣ ግን ይበቃል። ሲሰኩት ቶክባክ፣ ማለትም የአንድሮይድ ስልክ ስክሪኑን በድምፅ የሚያነበው ፕሮግራም፣ ቻርጅ መጀመሩን ይናገራል። ባለቤቱም ተማምኖ ይተኛል። ሌሊት ብርድ ልብሱ ገመዱን ነካ ሲያደርገው ይላቀቃል። የሚያይ ሰው ሌሊት ሲነቃ ስክሪኑን ገልመጥ አድርጎ ያውቃል። ድምፅ ለሚጠብቅ ሰው ግን እንቅልፍ ላይ ማን ይንገረው?

አንዲት ዓይነ ስውር መምህርት ሌላ ቦታ ሁለት ጊዜ ባትሪ አስቀይረው መጡ። ሁለቱንም ጊዜ ፖርቱን ያየላቸው ሰው የለም። በስንጥር ስጠርገው የምስር ክክ የሚያህል ድብልብል ወጣ። መዳፋቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው። በጣታቸው አሸት አሸት አድርገው «ይሄ ነው ሁለት ባትሪ ያስገዛኝ?» አሉኝ። አዎ፣ እሱ ነው። ፖርት ሳያዩ ባትሪ የሚሸጡ ሰዎች ያናድዱኛል።

ፍተሻው ዓይን አይፈልግም። የስልኩን ከቨር አውልቁ። ገመዱን ሰክታችሁ ጥፍራችሁን በገመዱ ፕላስቲክና በስልኩ ጠርዝ መካከል አስኪዱ። ጥፍር የሚያስገባ ክፍተት ካለ ገመዱ አልገባም ማለት ነው። ታይፕ ሲ (በሁለቱም ወገን የሚገባው አዲሱ ዓይነት) ከሆነ በደንብ ሲገባ ቀጭ የሚል ነገር ጣት ላይ ይሰማል። ቀጭ ካላለ ተጠራጠሩ። ከሰካችሁ በኋላም ገመዱን በቀስታ ወዝወዝ አድርጉት። የቻርጅ ድምፁ እየደጋገመ ከተሰማ እየተላቀቀ እየተመለሰ ነው።

ለማጽዳት መጀመሪያ ስልኩን አጥፉ። ቀጭን የእንጨት ስንጥር ያዙ። በግድግዳው ዳር አስገብታችሁ ወደ ውጭ ጠርጉ፣ ወደ ውስጥ አትግፉ። ታይፕ ሲ መሃሉ ላይ ቀጭን ምላስ አለችው። እሷን አትጫኗት፤ ከተሰበረች መፍትሄው ፖርት መቀየር ነው። መርፌ አይሆንም። የፀጉር ፒን አይሆንም። በአፍ እፍ ማለትም አይሆንም፣ ትንፋሽ እርጥበት አለው። ሳኒታይዘር ጨምሮበት የመጣ ሰው አለ! እባካችሁ፣ ሳኒታይዘር የእጅ ነው።

የድሮው ማይክሮ ዩኤስቢ ሌላ ጣጣ አለው። ርካሽ ስልኮችና ብዙ የዴይዚ (ለዓይነ ስውራን የተዘጋጀ የድምፅ መጽሐፍ) ማጫወቻዎች አሁንም እሱን ይጠቀማሉ። በአንድ ወገን ብቻ ነው የሚገባው። ተገልብጦ በግድ ሲገፋ ፖርቱን ያጣምመዋል። የገመዱን ብረት በጥፍር ዳስሱት፤ በአንዱ ወገን ሁለት ትንንሽ ጥርሶች አሉ። መሣሪያችሁ ጥርሶቹን በየት በኩል እንደሚፈልግ አንዴ እወቁ። ከዚያ ገመዱ ላይ በዚያው ወገን ቁራጭ ፕላስተር ለጥፉ። የተጣመመውን ጽዳት አያድነውም፣ ይቀየራል። ስታስቀይሩ ደግሞ በጣም ርካሹን አትቀበሉ። ቆርቆሮው በጣት ሲጫኑት የሚተጣጠፍ ነው።

ፖርቱ ንጹህ ሆኖም ካልሞላ ገመዱን ጠርጥሩ። ፎርጅድ ገመድ ውስጡ ያለው መዳብ ስስ ነው። ሰክታችሁ ፐርሰንቱን ስሙ። ስልኩን ሳትነኩ ከአንድ ሰዓት በኋላ ድጋሚ ስሙ። 5 ወይም 6 ብቻ ከጨመረ ገመዱን ቀይሩ፣ ካልተሻለው ቻርጀሩን።

ምልክት፦ በደንብ ይሞላል፣ ከሰዓት በኋላ ግን ያልቃል

የስክሪኑ ብርሃን ጫፍ ላይ ነው። ባለቤቱ አያየውም፣ ቤተሰብም አይነግረውም። አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ስልክ ብርሃኑ መቶ በመቶ፣ ስክሪኑ የሚጠፋው ከ30 ደቂቃ በኋላ ሆኖ አገኘሁት። ብርሃኑን እስከ ታች አውርዱት። ስክሪኑ በ30 ሰከንድ እንዲጠፋ አድርጉት። ቶክባክ ስክሪኑን ጥቁር የሚያደርግ ስክሪን መደበቂያ አለው። ኦሌድ ስክሪን (እያንዳንዱ ነጥብ በራሱ የሚበራ) ላይ ባትሪ ይቆጥባል፤ ኤልሲዲ ላይ ግን ከጥቁሩ ጀርባ መብራቱ እንደበራ ስለሆነ ብርሃኑን መቀነስ ግድ ነው። አይፎን ላይ በቮይስኦቨር፣ በአይፎኑ የስክሪን አንባቢ፣ በሦስት ጣት ሦስት ጊዜ መታ መታ ማድረግ ስክሪኑን ያጠፋዋል።

«ባትሪ እንዲቆይልህ ቶክባክን አጥፋው» የሚል መካሪ ካጋጠማችሁ አትስሙት። ዋናው በላተኛ ስክሪኑ ነው።

ምልክት፦ 60 ፐርሰንት ነበር፣ በድንገት ጠፋ

ከሌላ ስልክ ደውሉለት። ከጠራ አልጠፋም፣ ድምፁ ብቻ ነው የተዘጋው። ባትሪ ቆጣቢው ቶክባክን ወይም ኢስፒክን የመሰለውን፣ ጽሑፉን ወደ ድምፅ የሚቀይረውን የንባብ ሞተር ዘግቶታል። ሁለቱን የድምፅ ቁልፎች አንድ ላይ ለሦስት ሰከንድ ያህል ተጭናችሁ ያዙ፤ አቋራጩ በሴቲንግ ከተከፈተ ቶክባክ ይመለሳል። ከዚያ የባትሪ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ለሁለቱም ገደቡን አንሱ። ከጎረቤት የተጫኑ «ባትሪ አዳኝ» አፖችን ሁሉ አጥፉ። አንዱንም ጠቅሞ አላየሁትም።

ኔትወርክ እያለ ደውላችሁ ካልጠራ ግን ይሄኛው አብዛኛውን ጊዜ እውነትም ባትሪው ነው፤ አርጅቷል።

የብሬል ማሳያ (ጽሑፍን በሚነሱ ነጥቦች ጣት ላይ የሚያስነብበው መሣሪያ) ቶሎ ካለቀበት፦ ነጥቦቹን የሚያነሳው ወደ 200 ቮልት ገደማ ነው፣ ያንን ከትንሽ ባትሪ ነው የሚያወጣው። ማንበብ ስትጨርሱ በማብሪያው አጥፉት፤ ብሉቱዝ ላይ ተንጠልጥሎ አይደር።

ቪክተር ሪደር ስትሪም የሚባለው የዴይዚ መጽሐፍ ማጫወቻ ያላችሁ 0 ቁጥርን ስትጫኑ የባትሪውን መጠን ይነግራችኋል። ከኮምፒውተር ቻርጅ ማድረግ ቀርፋፋ ነው። የተለመደው ዩኤስቢ 2 ከ500 ሚሊ አምፔር በላይ አይሰጥም።

የሚናገር ሰዓት ድምፁ ከተቆራረጠ የሳንቲም ባትሪው ደክሟል። ሰዓቱ ትክክል መቁጠሩ አያታልላችሁ፤ መናገር ብዙ ኃይል ይፈልጋል።

የአዳማ ሙቀትም ባትሪ ይጎዳል። ስልክ መስኮት ላይ ፀሐይ እየመታው ቻርጅ አይደረግም። ትራስ ስርም አይደረግም። መብራት ሄዶ ሲመለስ መጀመሪያ ትንሽ ይረጋጋ፣ ከዚያ ስኩ።

የሚወጣ ባትሪ ከሆነ ደግሞ ልሙጥና ጠንካራ ጠረጴዛ ላይ አስተኝታችሁ በጣት አሽከርክሩት። ከተሽከረከረ ሆዱ አብጧል። አትሰኩት፣ አትውጉት፣ አትጫኑት። የቤት ቆሻሻ ውስጥም አትጣሉት፤ ሰፈር ውስጥ ቆሻሻ የሚያቃጥል ሰው አይጠፋም። ወደሚጠግን ሰው ውሰዱት።