«ጉም መዝገን» ስንል የምንሳሳታቸው ነገሮች

በክረምት ጠዋት ጅማ ላይ ከቤቱ የወጣ ሰው ጉም ምን እንደሆነ አይነገረውም። የጅሬን ኮረብታ ከነአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ይሰወራል፤ አዌቱ ወንዝ ዳር የሚሄደው ሰው ድምፁ ይሰማል እንጂ መልኩ አይለይም። «ጉም መዝገን» የሚለውን አነጋገር ለመረዳት ከዚህ የተመቸ አገር ያለ አይመስለኝም። ያም ሆኖ ያለቦታው ሲገባ ደጋግሜ እሰማለሁ፤ አንዳንዴም ሰው ይጎዳል።

መዝገን ቆሎ ወይም ፈንዲሻ በአንድ እጅ ጨብጦ ማንሳት ነው። ጉም ደግሞ አየር ላይ የተንሳፈፈ ደቃቅ የውሃ ነጠብጣብ ነው፤ በ1 ሜትር ኩብ ጉም ውስጥ ያለው ውሃ አብዛኛውን ጊዜ ግማሽ ግራም አይሞላም። ስለዚህ ጉም የለም አይባልም። ዓይን ይጋርዳል፣ ጋቢ ያረጥባል፤ እጅ ሲዘረጋለት ግን የሚጨበጥ ነገር የለውም። አነጋገሩም የተሠራው እንዲህ ላለ ጉዳይ ነው፦ ያለ ለሚመስል፣ እንዲያውም ለከበበን፣ ሆኖም በምንም ብልሃት ለማይያዝ።

ትልቁ ስህተት ከባድ የሆነውን ሁሉ «ጉም መዝገን» ማለት ነው። አንዲት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ «ጅማ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ሕክምና እማራለሁ» ስትል «ተይ ልጄ፣ ጉም አትዝገኚ» የሚላት ዘመድ አይጠፋም። ሕክምና መማር ግን ፈተና አለው፣ የታወቀ ዓመት አለው፣ መጨረሻም አለው፤ እዚሁ ከተማ ተምረው የሚመረቁ ሐኪሞች በየዓመቱ እናያለን። ይህ ዳገት ነው እንጂ ጉም አይደለም። «ዳገት ነው፣ በርቺ» ብንላት እውነቱንም ነገርናት፣ ጉልበትም ሰጠናት። «ጉም ነው» ስንላት ግን መንገዱ ራሱ የለም ማለታችን ነው።

አነጋገሩ በትክክል የሚገባው ለምሳሌ አንድ ደላላ «መሬቱ አለ፣ ካርታው ነገ ይመጣል» ብሎ ሰው ሲያመላልስ ነው። ወረቀት ሲጠየቅ ሌላ ቀጠሮ፣ ባለቤቱ ሲጠየቅ ሌላ ስም ይሰጣል። እዚያ ላይ «ወንድሜ፣ ጉም እየዘገንክ ነው» የሚል ወዳጅ ባለውለታ ነው።

ቡና ላይ ልዩነቱ ይበልጥ ይጠራል። የአረቢካ ቡና ዋጋ የኒው ዮርክን ገበያ ተከትሎ ይወጣል፣ ይወርዳል። በ2013 ዓ.ም. ሐምሌ ብራዚል ላይ የወረደው ውርጭ እንኳ የዓለምን የቡና ዋጋ አንሮታል። እንግዲህ የጅማ ገበሬ የመጪውን ዓመት ዋጋ ዛሬውኑ በእርግጠኝነት ልወቅ ቢል፣ አዎ፣ ጉም መዝገን ነው። ቀዩን ፍሬ ብቻ ለቅሞ፣ ከመሬት ከፍ ባለ የማድረቂያ አልጋ ላይ በደንብ አድርቆ የተሻለ ዋጋ ላግኝ ቢል ግን ይህ የእጁ ሥራ ነው። ሁለቱንም በአንድ ቃል የሚገልጽ ሰው ገበሬውን ከሚችለው ነገር ያርቀዋል።

ሌላው ስህተት ከጎረቤቶቹ አነጋገሮች ጋር ማምታታት ነው። «ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ» ድካም ተደክሞ ምንም ለማይለወጥ ነገር ነው፤ አሥር ጊዜ ተመክሮ በጠባዩ ለጸና ሰው ይሆናል። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚባለው ደግሞ የኔ ነው ለሚሉት፣ ግን ለማይጠቅም ሀብት ነው። ጉም የሚዘግነው ሰው ገና ምንም የኔ ነው የሚለው የለውም፤ ሊይዝ እየሞከረ ነው።

«እንደ ጉም በነነ» ከሚለውም ይለያል። ያኛው ስለ መጥፋት ነው። ትናንት የነበረ ገንዘብ ዛሬ ከሌለ በነነ እንላለን እንጂ «ጉም ዘገንኩ» አንልም።

ቃላቱንም እንዳሻን አንቀያይር። «ጉም መጨበጥ» ያስኬዳል፤ «ደመና መዝገን» ግን ጆሮ አይቀበለውም፤ ደመና ሰማይ ላይ ነው፣ እጅም አይዘረጋለትም። የአነጋገሩ ጉልበት ነገሩ አፍንጫችን ሥር ሆኖ አለመያዙ ላይ ነው።

የመጨረሻው ለማንና እንዴት እንደሚባል ነው። እኩያን ፊት ለፊት ማለት ይቻላል። አዛውንትን «ጋሼ፣ ጉም እየዘገኑ ነው» ማለት ግን ድፍረት ነው፤ ጅማ ውስጥ ደግሞ ሽማግሌ ፊት ቃል ተመዝኖ ነው የሚወጣው። ጥፋቱን ከሰውየው ላይ አንስቶ ወደ ነገሩ ማዞር ይሻላል፦ «ጋሼ፣ ነገሩ ጉም መዝገን እንዳይሆንብዎት ሰግቼ ነው፤ ወረቀቱን አንድ ጊዜ አብረን ብናየው?» እንዲህ ሲባል አዛውንቱም አይከፉም፣ ወረቀቱም ይታያል።