የትከሻ ጅማት ጉዳት፦ ከምልክቱ ወደ መፍትሄው

ከሁሉ በፊት ሕመሙ ያለበትን ቦታ በአንድ ጣት ይጠቁሙ። የትኛው ጅማት እንደተጎዳ በብዛት የሚለየው በዚያ ነው።

የትከሻው አናት ሲነካ ያማል፤ ክንድን በደረት ላይ ወደ ሌላው ትከሻ ማሻገር ይብሳል

በትከሻ ጫፍ መውደቅ፣ ከአንገት ሥር የሚመጣውን አጥንት ከትከሻው ጫፍ ጋር ያሰሩትን ጅማቶች ይጎዳል። ወለምታ ብቻ ከሆነ አጥንቱ ቦታውን አይለቅም። ጅማቶቹ ከተበጠሱ ጉብ ያለ ነገር ይታያል፤ አጥንቱ ከፍ ያለ ቢመስልም በአብዛኛው የወረደው በክንዱ ክብደት የተሳበው ትከሻ ነው። ክንዱን ከአንገት በታሰረ ጨርቅ ማንጠልጠል የሚያሳርፈውም ለዚህ ነው።

ለቀላሉ ጉዳት ከ1 እስከ 2 ሳምንት ክንድን ማንጠልጠል ይበቃል። በመጀመሪያዎቹ 2 ቀናት በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ለ15 ደቂቃ ያህል፣ በቀን 4 ጊዜ ይያዙበት። ጅማቶቹ ከተበጠሱ ከባድ ዕቃ ለማንሳት ከ6 እስከ 12 ሳምንት መታገሥ ያስፈልጋል። ጉብታው ሳይጠፋ ሊቀር ይችላል፤ የብዙዎች ክንድ ግን እንደ ቀድሞው ይሠራል። አጥንቱ ወደ ኋላ ከሄደ ወይም እጅግ ከተራራቀ ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋል።

የትከሻው ክብነት ጠፍቷል፤ ክንዱ አልንቀሳቀስ ብሏል

ውልቃት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ፊት። ማንም ጎትቶ እንዳይመልሰው! አብሮ የተሰበረ አጥንት ካለ ስብራቱ ይከፋል፣ ነርቭም ሊጎዳ ይችላል። ክንዱን ባለበት ደግፈው ወዲያውኑ ሐኪም ቤት ይሂዱ። የላይኛው ክንድ ውጫዊ ቆዳ ከደነዘዘ፣ ወይም እጅ ከቀዘቀዘና ከገረጣ፣ እንደደረሱ ይናገሩ። ራጅ የሚነሳው ከመመለሱ በፊትም በኋላም ነው።

ወጣቶች ላይ ውልቃቱ በጣም ይደጋገማል። በተለይ ከ20 ዓመት በታች ያለ ስፖርተኛ ስለ ቀዶ ሕክምና ከመጀመሪያው ውልቃት በኋላ ቢማከር ይሻላል።

ክንድ ወደ ላይና ወደ ውጭ ሲዞር «ሊወልቅ ነው» ያሰኛል

የላላውን ጅማት ጡንቻ ማገዝ አለበት። ክርንዎን 90 ዲግሪ አጥፈው ከጎንዎ ያስጠጉ፤ በእጅዎ ጀርባ ግድግዳውን ለ5 ሰከንድ ይግፉ፤ 10 ጊዜ፣ በቀን 2 ዙር። ሕመም ካመጣ ኃይሉን ይቀንሱ። ከወራት ልምምድ በኋላም ካልተሻለ ኤምአርአይ (ጅማትንና ጡንቻን የሚያሳይ የምስል ምርመራ) ያስፈልጋል።

ሕመሙ ቀነሰ፣ ትከሻው ግን ደረቀ

ብዙ ጊዜ ማንጠልጠያው ከሚገባው በላይ ቆይቷል ማለት ነው። ጣትና ክርን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ መንቀሳቀስ አለባቸው። ሐኪሙ ሲፈቅድ ጎንበስ ብለው በደህናው እጅ ጠረጴዛ ይደገፉና የተጎዳውን ክንድ ከማንጠልጠያው አውጥተው ወደ ታች ለቀው በሰውነትዎ ንቅናቄ ያወዛውዙት፤ ለ1 ደቂቃ፣ በቀን 3 ጊዜ። የትከሻው ጡንቻ ራሱ ክንዱን ማንሳት የለበትም።