የእርሻ አፈር ቀንና ሌሊት የሚተነፍሰውን እንዴት መለካት ይቻላል?

የሰብል ሥሮችና በአፈር ውስጥ የሚኖሩ ደቂቅ ዘአካላት ሲተነፍሱ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣሉ፤ መጠኑም አፈሩ ሲሞቅ ይጨምራል፣ ሲቀዘቅዝ ይቀንሳል። እንደ ደብረ ማርቆስ ባሉ የጎጃም ከፍተኛ ቦታዎች በቀትርና በንጋት መካከል ያለው የሙቀት ልዩነት በክረምትና በበጋ መካከል ካለው ይበልጣል። ስለዚህ እኩለ ቀን ላይ ብቻ የተወሰደን ልኬት ይዞ የማሳውን ትንፈሳ አወቅሁ ማለት ያሳስታል፤ ሙሉውን 24 ሰዓት መከታተል ያስፈልጋል።

ለሥራው 20 ሳንቲ ሜትር ስፋት ካለው የፕላስቲክ ቧንቧ የተቆረጡ ቀለበቶች፣ በላያቸው በደንብ የሚገጥም ክዳን፣ በክዳኑ ውስጥ የሚቀመጥ የካርቦን ዳይኦክሳይድ መለኪያ፣ ሁለት የአፈር ቴርሞሜትሮች፣ ሰዓትና ደብተር ይበቃሉ። ክዳኑ በፀሐይ እንዳይግል ነጭ ቀለም ይቀባ።

በመጀመሪያ ቀለበቶቹን ከልኬቱ ቢያንስ አንድ ቀን ቀድመው ሦስት ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ አፈሩ ያስገቡ። ከዚያ በላይ ጠልቀው ከገቡ ሥሮችን ይቆርጣሉ፤ በተተከሉበት ሰዓት ወዲያው ከተለካ ደግሞ የሚነበበው የተረበሸ አፈር የለቀቀው ጋዝ ነው። በቆሎ ላይ በመስመሮቹ መካከል ማስቀመጥ ይቻላል፤ በብተና በተዘራ ጤፍ ላይ ግን በቀለበቱ ውስጥ ያለው ቡቃያ ከሥሩ ሳይነቀል ከአፈሩ ገጽ ላይ መታጨድ አለበት። ዋልካ አፈር ሲደርቅ ስለሚሰነጠቅና ጋዙ በስንጥቁ በኩል ስለሚያመልጥ፣ ቀለበቱ ስንጥቅ ላይ እንዳያርፍ ይጠንቀቁ። ትንፈሳ ከአንድ ክንድ ወደ ሌላው እንኳ ስለሚለያይ በአንድ ማሳ ከአራት ቀለበት ባያንሱ ይመረጣል።

ቴርሞሜትሮቹን በ5 እና በ10 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ይትከሉ። የአየሩ ሙቀት ከፍተኛ ደረጃ የሚደርሰው ከቀኑ 8 ወይም 9 ሰዓት ገደማ ሲሆን፣ ሙቀቱ ወደ ታች የሚወርደው ቀስ እያለ ስለሆነ የ10 ሳንቲ ሜትሩ አፈር ከፍተኛ ሙቀቱን የሚያገኘው ከሰዓታት በኋላ ነው። ትንፈሳውን ከአየር ሙቀት ጋር ብቻ ያነጻጸረ ሰው፣ ጠዋትና ከሰዓት በኋላ ቴርሞሜትሩ አንድ ዓይነት ቁጥር እያሳየ ትንፈሳው ለምን እንደተለያየ ይቸገራል። ለዚህ አንዱ ምክንያት ይህ መዘግየት ነው፤ ሌላው ቅጠሉ በቀን ያዘጋጀው ምግብ ወደ ሥሩ ለመድረስ ጊዜ መውሰዱ ነው።

ከዚያም ከጠዋቱ 12 ሰዓት ጀምረው በየሦስት ሰዓቱ ይለኩ። ክዳኑን ገጥመው የመጀመሪያዎቹን 30 ሰከንዶች ይተዉና ለሁለት ደቂቃ በየ10 ሰከንዱ ንባቡን ይመዝግቡ፤ ወዲያው ይክፈቱት። የሰው ትንፋሽ ከአየሩ መቶ እጥፍ ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚይዝ ነፋሱ ወደ ቀለበቱ ከሚነፍስበት አቅጣጫ አይቁሙ። ብዙዎች የሚዘሉት የሌሊቱን ልኬት ነው፤ እኔ ግን አንዱን መተው ግድ ቢሆን የቀትሩን እተዋለሁ እንጂ የንጋቱን አልተውም፣ ዝቅተኛው ትንፈሳ የሚገኘው በዚያ ነውና።

በስሌቱ ላይ የጎጃም ከፍታ ሊዘነጋ አይገባም። ደብረ ማርቆስ 2,450 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት 75 ኪሎ ፓስካል አካባቢ ነው፤ በ20 ዲግሪ ሙቀት አንድ ሜትር ኩብ አየር በባሕር ጠለል 42 ሞል (የጋዝ ቅንጣቶች ብዛት መለኪያ) ያህል ጋዝ ሲይዝ እዚያ የሚይዘው 31 ብቻ ነው። ንባቡ በሰከንድ 0.5 ፒፒኤም (ከአንድ ሚሊዮን የአየር ክፍል 0.5) ቢጨምርና ከአፈሩ እስከ ክዳኑ ያለው ቁመት 0.2 ሜትር ቢሆን፣ 0.5 በ0.2 በ31 ሲባዛ 3.1 ማይክሮ ሞል (የሞል ሚሊዮንኛ) በካሬ ሜትር በሰከንድ ይሆናል። በ42 ያባዛ ሰው ውጤቱን ከሲሶ በላይ ያጋንናል። መለኪያው ራሱ የከፍታ ማስተካከያ ካለው አስቀድሞ ይስተካከል።

ቀጥሎ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲጨምር ትንፈሳው ስንት እጥፍ እንደሚሆን ይሰላል። ለምሳሌ አፈሩ 12 ዲግሪ ሳለ 1.5፣ 24 ዲግሪ ሲሆን 3 ቢገኝ እጥፉ ሁለት ነው፤ ይህም በ12 ዲግሪ ልዩነት የመጣ ስለሆነ፣ ሁለትን በአሥር አሥራ ሁለተኛ አርቢ ከፍ ሲያደርጉት 1.8 ይሰጣል። ብዙ ጊዜ የሚገኘው ወደ 2 የሚጠጋ ቁጥር ነው።

ይህ ዝምድና የሚታየው ግን አፈሩ በቂ እርጥበት ሲኖረው ነው። በሚያዝያ የደረቀ ማሳ ቢግልም ትንፈሳው ዝቅተኛ ነው፤ የመጀመሪያው ዝናብ ሲያርሰው ደግሞ በድንገት ያሻቅባል፤ በርች የተባለው ተመራማሪ በምሥራቅ አፍሪካ አፈር ላይ በ1958 እ.ኤ.አ. የገለጸው ክስተት ይኸው ነው። በነሐሴ ውሃ የተኛበት ዋልካ ደግሞ አየር ስለሚያጣ ትንፈሳው ይታፈናል። የሙቀትን ድርሻ ለይቶ ለማየት ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥቅምት አጋማሽ፣ አፈሩ ገና እርጥብ ሆኖ ሰማዩ ሲጠራ መለካት ይሻላል።

በየሳምንቱ ሌሊቱን ማደር የማይችል ሰው፣ አንድ ጊዜ ካደረገው የ24 ሰዓት ልኬት ለቀኑ አማካይ የሚቀርበውን ሰዓት ይምረጥ፤ ብዙውን ጊዜ ከጠዋቱ 3 እስከ 5 ሰዓት ባለው ጊዜ ይገኛል። ሰብሉ ከታጨደ በኋላ ግን የሕያው ሥር ድርሻ ስለሚቀርና የተገለጠው አፈር በቀን ይበልጥ ስለሚሞቅ፣ የተመረጠው ሰዓት በአዲስ የ24 ሰዓት ልኬት እንደገና መፈተሽ አለበት።