አሪዞና በረሃ ብቻችሁን ለምትነዱ፣ የስልካችሁን ሰዓት አትመኑት

ሰመር ላይ አሪዞናና ዩታን ለብቻችሁ በመኪና ስትዞሩ ስልካችሁ ሰዓት ላይ ይሸውዳችኋል። አሪዞና ከ1968 (በፈረንጅ) ጀምሮ ሰመር ሲመጣ ሰዓቱን አንድ ሰዓት ወደፊት አይቀይርም፣ የናቫሆዎች (የአገሬው ነባር ሕዝብ) ግዛት ግን እዛው አሪዞና ውስጥ ሆኖ ይቀይራል፣ መሀሉ ላይ ያለው የሆፒዎች (እነሱም ነባር ሕዝብ ናቸው) መሬት ደግሞ መልሶ አይቀይርም፣ እና ዝም ብላችሁ እየነዳችሁ ስልኩ አንዴ አንድ ሰዓት ወደፊት አንዴ ወደኋላ ይላል (የሀበሻ ሰዓት ሲጨመርበትማ ጉድ ነው)። ዩታ ድንበር አጠገብ ያለችው የአሪዞናዋ ፔጅ ከተማ ቁጭ ብላችሁ እንኳ የዩታን አንቴና ከሳበ ይዘላል፣ አጠገባችሁ የምትጠይቁት ሰው ደግሞ የለም።

መፍትሄው ሴቲንግ ገብታችሁ ሰዓቱን በራሱ የሚቀይረውን አጥፉና ፊኒክስ ላይ አድርጉት፣ ከዛ ወርልድ ክሎክ ላይ ዴንቨርን ጨምሩ። አለቀ። አንቴና እየተከተለ መዝለሉን ያቆማል፣ ኔትወርክ በሌለበትም ሁለቱንም ያሳያችኋል። ሞኑመንት ቫሊ፣ የካንየን ደ ሼይ ጥንታዊ ፍርስራሾች፣ ዩታ ራሱ፣ እና ኮሎራዶ ያለው ሜሳ ቨርዴ በዴንቨር ሰዓት ናቸው፣ ፍላግስታፍ፣ ግራንድ ካንየንና ዉፓትኪ በፊኒክስ።

አንቴሎፕ ካንየን ላይ ግን ተጠንቀቁ፣ የናቫሆ መሬት ቢሆንም አስጎብኚዎቹ የሚሰሩት በፔጅ ማለትም በፊኒክስ ሰዓት ነው፣ ያለ አስጎብኚ ደግሞ አይገባም።

ዊንተር (በፈረንጆቹ የብርድ ወራት) ላይ ሁለቱ እኩል ስለሚሆኑ ይሄ ሁሉ አያስፈልግም። ወደ ዲሲ ምናምን ስትመለሱ ሴቲንጉን መልሱት፣ አለበለዚያ አላርሙ ለስራ ያስረፍዳችኋል።