የብሪታንያ ተቃዋሚ ፓርቲ አቋም ጅማ ሲደርስ እንዴት ይነበባል?

ብሪታንያ ውስጥ አንድ ተቃዋሚ ፓርቲ ስለ ሕክምና፣ ስለ ጥገኝነት ጠያቂዎች ወይም ስለ ሌሎች አገሮች ዴሞክራሲ የተናገረው ነገር ብዙም ሳይቆይ ጅማ ይገባል። በቴሌግራም ይመጣል፣ በዩቲዩብ ይተረካል፣ ለንደን ወይም ማንችስተር ያለ ዘመድ በስልክ ያነሳዋል። በመንገዱ ላይ ግን ሁለት ነገሮች ይጠፋሉ፤ እነርሱም የተናገረው ማን እንደሆነና የተናገረውን ለመፈጸም ሥልጣን ያለው መሆን አለመሆኑ ናቸው። ጥገኝነት የጠየቀ ሰው ከሦስት ወር በኋላ እንዲሠራ ይፈቀድለት የሚል የፓርቲ ሐሳብ፣ ሂርማታ ገበያ ሲደርስ “እንግሊዝ በሦስት ወር ሥራ ትሰጣለች” ሆኖ ይወራል። በጎማ፣ በሊሙ ወይም በማና ያለ ቤተሰብ በእንዲህ ያለ ወሬ ተማምኖ የዓመቱን ቡና ሸጦ ገንዘቡን ለደላላ ሊያስረክብ ስለሚችል፣ አነባበቡን ማወቅ ለፖለቲካ ተማሪዎች ብቻ የሚተው ጉዳይ አይደለም።

ለማሳያ የሊበራል ዴሞክራት ፓርቲን እንይዛለን። ፓርቲው በሦስቱም ጉዳዮች ላይ በስፋት ጽፏል፤ በዚያ ላይ ከ2010 እስከ 2015 ከወግ አጥባቂው ፓርቲ ጋር ተጣምሮ አገር ስላስተዳደረ፣ ቃሉን ከሥራው ጋር ማመሳከር ይቻላል። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ “ዓ.ም.” ተብሎ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ መቀመጫውን ይቁጠሩ

አቋሙን ከማንበብዎ በፊት ፓርቲው በምክር ቤቱ ውስጥ ስንት መቀመጫ እንዳለው ይመልከቱ። የብሪታንያ የታችኛው ምክር ቤት 650 መቀመጫዎች አሉት። ጁላይ 4 ቀን 2024 በተካሄደው ምርጫ ሌበር ፓርቲ ከ400 በላይ መቀመጫ አግኝቶ መንግሥት ሲመሠርት፣ ወግ አጥባቂው ፓርቲ 121፣ ሊበራል ዴሞክራቶች ደግሞ 72 አገኙ። ሰባ ሁለት ድምፅ ያለው ፓርቲ ሚኒስትሮችን ይጠይቃል፣ በረቂቅ ሕጎች ላይ ማሻሻያ ያቀርባል፣ ይቃወማል፤ ብቻውን ግን ሕግ ሊያወጣ አይችልም።

“ተቃዋሚዎች እንዲህ አሉ” የሚል ዜና ሲደርስዎ የፓርቲው ስም እስኪነገርዎ ድረስ ምንም አይደምድሙ። በብሪታንያ ሁለት ትልልቅ ተቃዋሚ ፓርቲዎች አሉ፤ በጥገኝነት ጉዳይ ላይ ደግሞ አቋማቸው የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። ጥገኝነት ጠያቂዎችን ወደ ሩዋንዳ የመላክን ዕቅድ በኤፕሪል 2022 ያስተዋወቀው ያኔ ሥልጣን ላይ የነበረው ወግ አጥባቂው ፓርቲ ነው፤ ይኸው ፓርቲ ዛሬ ዋናው ተቃዋሚ ሆኖ ሳለ፣ በኦክቶበር 2025 አገሪቱ ከአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ስምምነት እንድትወጣ እንደሚያደርግ አስታውቋል። ሊበራል ዴሞክራቶች በሁለቱም ጉዳዮች በተቃራኒው ወገን የቆሙ ናቸው።

የተቃውሞ አቅም እስከ ምን እንደሚደርስ የሩዋንዳው ጉዳይ ራሱ በደንብ ያሳያል። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ኖቬምበር 15 ቀን 2023 ዕቅዱ ሕገ ወጥ ነው ብሎ ወሰነ። መንግሥት ውሳኔውን ለማለፍ አዲስ ሕግ ሲያቀርብ፣ ሊበራል ዴሞክራቶችን ጨምሮ በላይኛው ምክር ቤት ያሉ ተቃዋሚዎች ረቂቁን ደጋግመው ቢመልሱትም በኤፕሪል 2024 ሕግ ሆኖ ጸደቀ። ዕቅዱ የተሰረዘው በጁላይ መንግሥት ሲቀየር ነው። ስለዚህ ተቃዋሚ ፓርቲ ሊያዘገይና ሊያጋልጥ ይችላል፤ የማስቆም ኃይል የነበራቸው ግን ፍርድ ቤቱና ምርጫው ነበሩ።

ጽሑፉን ከምንጩ ይያዙ

የፓርቲው የ2024 የምርጫ ማኒፌስቶ (ቢመረጥ የሚሠራውን የዘረዘረበት ሰነድ) በድረ ገጹ ላይ በነጻ ይገኛል። ኔትወርክ ጥሩ በሆነበት ቦታ አንድ ጊዜ አውርደው በስልክዎ ያስቀምጡት። በእንግሊዝኛ የማይተማመኑ ከሆነ የሚፈልጉትን ምዕራፍ ብቻ ለይተው፣ ቋንቋውን ከሚያውቅ መምህር ወይም የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ጋር ቁጭ ብለው ያንብቡ። በስልክ የሚሠራ የትርጉም መተግበሪያ ቅድመ ሁኔታን የያዘውን ሐረግ ሊዘልለው ይችላል፤ በፓርቲ ጽሑፍ ውስጥ ደግሞ ዋናው ነገር ብዙ ጊዜ ያለው እዚያ ሐረግ ውስጥ ነው። ከማኒፌስቶው ቀጥሎ የሚጠቅመው ሃንሳርድ የተባለው የምክር ቤቱ ቃለ ጉባኤ ነው፤ በድረ ገጽ ላይ ለማንም ክፍት ስለሆነ ማን ምን እንደተናገረና እንዴት ድምፅ እንደሰጠ በስም መፈለግ ይቻላል።

ስለ ሕዝብ አገልግሎት ሲያነቡ

እዚህ ላይ ሦስት ጥያቄዎች ይበቃሉ፤ የሚሠራው የት ነው? ገንዘቡ ከየት ይመጣል? ፓርቲው ከዚህ በፊት ዕድሉን ሲያገኝ ምን አደረገ?

ሊበራል ዴሞክራቶች ማንኛውም ሰው የቤተሰብ ሐኪም በ7 ቀን ውስጥ፣ አስቸኳይ ከሆነም በ24 ሰዓት ውስጥ የማግኘት መብት እንዲኖረው፣ ለዚህም 8,000 ተጨማሪ ሐኪሞች እንዲመደቡ ቃል ገብተዋል። ይህ የሚመለከተው ከብሪታንያ ክፍሎች አንዷ የሆነችውን እንግሊዝን ብቻ ነው። ስኮትላንድ፣ ዌልስና ሰሜን አየርላንድ የጤና አገልግሎታቸውን የሚመሩት ራሳቸው ናቸው። የጅማ ነዋሪ የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል በፌዴራል በጀት ሲተዳደር የሰፈሩ ጤና ጣቢያ በክልሉ መዋቅር ሥር እንደሆነ ስለሚያውቅ፣ ይህን የሥልጣን ክፍፍል ለመረዳት አይቸገርም፤ ዌልስ ውስጥ ካርዲፍ ወይም ስኮትላንድ ውስጥ ግላስጎው ላለ ዘመዱ ግን ያ ተስፋ እንደማይመለከተው ማወቅ አለበት።

የገንዘቡን ምንጭ በተመለከተ ማኒፌስቶው ለትልልቅ ባንኮች የተቀነሰላቸውን ግብር መልሶ ከፍ ማድረግን፣ በካፒታል ዋጋ ዕድገት (ንብረት ሲሸጥ በሚገኝ ትርፍ) ላይ ያለውን ግብር ማሻሻልንና ትልልቅ የዲጂታል ኩባንያዎች የሚከፍሉትን የ2 በመቶ ግብር ወደ 6 በመቶ ማሳደግን ይጠቅሳል። ምንጩ ስለተጠቀሰ ብቻ ገንዘቡ ይበቃል ማለት አይደለም። ሆኖም ምንጩን የጠቀሰ ፓርቲ ሊመረመር ይችላል፤ ያልጠቀሰውን ግን ከምኞት ለይተን የምናይበት መንገድ የለንም።

ሦስተኛው ጥያቄ ከሁሉ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም የዚህ ፓርቲ ታሪክ በሁለቱም በኩል ማስረጃ አለው። በስኮትላንድ ከሌበር ጋር በጥምር ሲያስተዳድር፣ ለአረጋውያን የሚሰጠው የግል እንክብካቤ (እንደ ማጠብ፣ ማልበስና ማብላት ያለው) ከ2002 ጀምሮ በነጻ ሆኗል፤ ዛሬ ለእንግሊዝ ተመሳሳዩን ሲጠይቅ የሚያሳየው ሥራ አለው። በሌላ በኩል የፓርቲው ዕጩዎች ከ2010 ምርጫ በፊት የዩኒቨርሲቲ ክፍያ ጭማሪን እንደሚቃወሙ ፈርመው ነበር። ሥልጣን ሲጋሩ ግን በዚያው ዓመት ዲሴምበር የክፍያው ጣሪያ ወደ 9,000 ፓውንድ እንዲያድግ ሲወሰን ከፊሎቹ ደግፈው ድምፅ ሰጡ። በ2010 የነበሩት 57 መቀመጫዎች በ2015 ወደ 8 ወረዱ። ለውድቀቱ ሌሎችም ምክንያቶች ቢኖሩም፣ ተማሪዎችና ወላጆች የተፈረመውን ቃል አልረሱም።

ስለ ጥገኝነት ሲያነቡ

ለእኛ አካባቢ ትልቁ አደጋ ያለው እዚህ ስለሆነ ቀስ ብለን እንሂድ። የፓርቲው ሐሳብ ይዘቱ እንዲህ ነው፤ የጥገኝነት ማመልከቻቸው ላይ ውሳኔ ሳያገኙ ከሦስት ወር በላይ የቆዩ ሰዎች እንዳይሠሩ የተጣለው ክልከላ ይነሳ። ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር ቁራጭ በቁራጭ እንየው።

“ማመልከቻቸው” የሚለው የሚናገረው አስቀድመው ስላመለከቱ ሰዎች ነው። በብሪታንያ ደንብ ጥገኝነት የሚጠየቀው በአገሪቱ ምድር ላይ ሆኖ ነው፤ ከጅማም ሆነ አዲስ አበባ ካለው ኤምባሲ ማመልከት አይቻልም። “ከሦስት ወር በላይ የቆዩ” የሚለው የሚቆጠረው ሰውየው ከቤቱ ከወጣበት ቀን አይደለም፤ ካመለከተበት ቀን ነው፤ በሰሃራና በሊቢያ ወይም በባሕር ላይ ያለፈው ጊዜ፣ የተከፈለው ገንዘብና የጠፋው ሕይወት በዚህ ሒሳብ ውስጥ የለም። “ክልከላው ይነሳ” ማለት መሥራት ይፈቀድ ማለት እንጂ መንግሥት ሥራ ይሰጣል ማለት አይደለም፤ የሥራ ፈቃድ ማግኘትም ጥገኝነት ማግኘት አይደለም፤ ማመልከቻው ውድቅ ሊሆን ይችላል። በመጨረሻም “ይነሳ” የሚለው ፓርቲ መንግሥት አይደለም። ይህ ሐሳብ በቀረበበት ጊዜ ይሠራ የነበረው ደንብ፣ አመልካቹ በራሱ ጥፋት ሳይሆን ውሳኔው 12 ወር ከዘገየበት በኋላ ፈቃድ እንዲጠይቅ፣ ሲፈቀድለትም በተወሰነ ዝርዝር ውስጥ ባሉ ሙያዎች ብቻ እንዲሠራ የሚል ነበር።

ፓርቲው ሕጋዊና ከአደጋ የራቁ መንገዶች እንዲከፈቱ፣ ከነዚህም መካከል ሰብዓዊ የጉዞ ፈቃድ እንዲኖር ይጠይቃል። ይህን በግሌ ትክክለኛ አቋም ነው እላለሁ፤ ሰው ለማመልከት ብቻ ሕይወቱን በጀልባ እንዲያስይዝ የሚያስገድድ ሥርዓት ፍትሐዊ ሊሆን አይችልም። ነገር ግን ሐሳቡ መልካም በሆነ መጠን ደላላ ለማታለያ ይጠቀምበታል። “አዲስ የጉዞ ፈቃድ ወጥቷል፣ ተመዝገቡ፣ ቅድሚያ ክፈሉ” የሚል ሰው ካጋጠመዎ አንድ ጥያቄ ያቅርቡለት፤ ይህ በየትኛው ሕግ፣ በየትኛው ቀን ጸደቀ? የፓርቲ ስም ከጠራ ወይም የፖለቲከኛ ቪዲዮ ካሳየ ያልጸደቀ ሐሳብ እየሸጠ ነውና ገንዘብዎን ይያዙ።

የየትኛውንም ፓርቲ የጥገኝነት አቋም የሚለኩበት ቋሚ መሥፈርት ቢፈልጉ፣ የ1951ዱን የስደተኞች ስምምነት ይውሰዱ። አንቀጽ 33 ስደተኛን ሕይወቱ ወይም ነጻነቱ አደጋ ላይ ወደሚወድቅበት ቦታ መመለስን ይከለክላል፤ አንቀጽ 31 ደግሞ ሕይወቱ ወይም ነጻነቱ አደጋ ላይ ከወደቀበት ቦታ በቀጥታ የመጣ ስደተኛ ሳይዘገይ ቀርቦ ምክንያቱን ካስረዳ፣ ያለ ፈቃድ በመግባቱ ብቻ እንዳይቀጣ ይደነግጋል። ኢትዮጵያም የዚህ ስምምነት አባል ናት። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110 ለስደተኞች የሥራ መብትን የሚመለከቱ ድንጋጌዎች አሉት፤ አገራችን ከደቡብ ሱዳን፣ ከሶማሊያ፣ ከኤርትራና ከሱዳን የመጡ ብዙ ሰዎችን ታስተናግዳለች። ስለዚህ የብሪታንያን ፓርቲዎች ስንመዝን አስተናጋጅም፣ ስደተኛ የሚወጣባትም አገር ሰዎች ሆነን ነው፤ ሁለቱን ወገን ማየት መቻላችን ለፍርዳችን ይጠቅመዋል።

ስለ ሌሎች አገሮች ዴሞክራሲ ሲያነቡ

በዚህ ምዕራፍ የሚያምሩ ቃላት በብዛት ይገኛሉ፤ ሁሉም ፓርቲ ነጻነትንና ሰብዓዊ መብትን ይደግፋል። የሚለየው ገንዘብ፣ መሣሪያና ቪዛ ላይ ሲደርስ ነው፤ እርስዎም እነዚህን ሦስቱን ይፈልጉ።

ብሪታንያ ከብሔራዊ ገቢዋ 0.7 በመቶውን ለውጭ ዕርዳታ እንድታውል የሚያስገድድ ሕግ በ2015 ወጣ፤ ረቂቁን ያቀረበው የሊበራል ዴሞክራት እንደራሴ ነበር። በ2021 የወግ አጥባቂው መንግሥት ወደ 0.5 አወረደው፤ የሌበር መንግሥት ደግሞ በፌብሩዋሪ 2025 ለመከላከያ ወጪ ሲል በ2027 ወደ 0.3 እንደሚያወርደው አስታወቀ። ከእያንዳንዱ 1,000 ፓውንድ 7 ፓውንድ የነበረው 3 ሊሆን ነው። ሊበራል ዴሞክራቶች ወደ 0.7 እንዲመለስ ይጠይቃሉ። ብሪታንያ በገጠራችን ሴፍቲኔት የምንለውን ፕሮግራም ከደገፉት ለጋሾች አንዷ ስለነበረች፣ ከሦስቱም ጉዳዮች በቀጥታ ወደ እኛ የሚደርሰው ይህ ቁጥር ነው፤ በማኅበራዊ ሚዲያ ግን ሲወራ ብዙም አይሰማም።

ስለ መሣሪያ ሲሆን፣ ፓርቲው በሰብዓዊ መብት ረገድ አሳሳቢ ተብለው ለተዘረዘሩ አገሮች የሚቀርብ የመሣሪያ ሽያጭ ጥያቄ በመርሕ ደረጃ እንዲከለከል ሐሳብ አቅርቧል። ስለ ቪዛ ደግሞ የሆንግ ኮንግ ጉዳይ ጥሩ ማሳያ ነው። ፓርቲው የባሕር ማዶ ብሪታንያዊ ዜግነት ለያዙ የሆንግ ኮንግ ሰዎች በር እንዲከፈት ሲወተውት ቆይቶ፣ በጃንዋሪ 2021 መንገዱን የከፈተው የወግ አጥባቂው መንግሥት ሆነ። የተቃዋሚ አቋም አንዳንድ ጊዜ በሌላ እጅ ይፈጸማል፤ ያም ቢሆን የተከፈተው ያንን ዜግነት ለያዙና ለቤተሰቦቻቸው ብቻ ነበር።

ያነበቡትን ሲያካፍሉ

ለዕድር ሰዎች፣ ለቤተሰብ ወይም ለክፍል ተማሪዎች ሲያስረዱ በአንድ ገጽ ላይ የፓርቲውን ስም፣ ሐሳቡን፣ ዛሬ የሚሠራውን ሕግና ያነበቡበትን ቀን ጎን ለጎን ይጻፉ። ቀኑ የግድ ነው። ሊበራል ዴሞክራቶች በየዓመቱ በመስከረም አካባቢ በሚያደርጉት ጉባኤ አባላቱ በፓርቲው ፖሊሲ ላይ ድምፅ ስለሚሰጡ፣ አምና የተጻፈው ዘንድሮ ሊለወጥ ይችላል።

ብሪታንያ ውስጥ የራሱ የጥገኝነት ጉዳይ ያለው ዘመድ ካለዎ ግን ይህ ገጽም ሆነ ማኒፌስቶው አይበቃውም። በዚያ አገር ያለ ፈቃድ የኢሚግሬሽን ምክር መስጠት ወንጀል ነው፤ አማካሪዎችን የሚመዘግበው መሥሪያ ቤት ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ የኢሚግሬሽን ምክር ባለሥልጣን ይባላል። ዘመድዎ ገንዘብ ከመክፈሉና ወረቀት ከመፈረሙ በፊት፣ የሚያማክረው ሰው በዚያ መዝገብ ላይ መኖሩን ወይም የሕግ ጠበቃ መሆኑን እንዲያረጋግጥ ይንገሩት።