በአንዲት ስልክና በጥቁር ሰሌዳ፦ የዜግነት ትምህርትን እንዴት እንደማስተምር

ደብረ ማርቆስ ላይ 9ኛ ክፍል የዜግነት ትምህርት አስተምራለሁ። በአንድ ክፍል 60 ልጅ አለ፤ ስልክ ይዞ መግባት ክልክል ነው፤ የኮምፒውተር ክፍሉ ቁልፍ ማን ዘንድ እንዳለ ማጠያየቁ ብቻ አንድ ክፍለ ጊዜ ይበላል። ስለዚህ ልጆች በማኅበራዊ ሚዲያ የሚያዩትን ወሬ ከማመናቸው በፊት እንዲያጣሩ የማስተምርበት ይህ ዘዴ፣ መምህራን፣ የሚጠይቃችሁ የራሳችሁን ስልክ፣ ጠመኔና ትዕግሥት ነው።

ከራሳችሁ ጥፋት ጀምሩ። የእኔ ይኸው፦ የዓባይ በረሃ መንገድ ተደርምሷል የሚል ፎቶ አግኝቼ በቤተሰባችን የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለቀቅሁት። የአክስቴ ልጅ ከቆጋ ሽንኩርት ጭኖ ወደ አዲስ አበባ እየሄደ ነበር፤ ፎቶውን አይቶ ደጀን አደረ። መንገዱ ደህና ነበር። በማግስቱ ሲደርስ ገዢው ከሌላ ሰው ገዝቶ ጨርሷል። እስከ ዛሬ ባገኘኝ ቁጥር «ዓባይ እንዴት አደረ?» ይለኛል። ይህን ስነግራቸው ልጆቹ ይስቃሉ፣ ከዚያ የየራሳቸውን ያወጣሉ። «ሐሰተኛ መረጃ ማለት…» ብላችሁ ትርጉም በማስጻፍ ከጀመራችሁ ግን ነገሩ ደብተር ላይ ይቀራል።

ቀጥሎ አንድ ፖስት ምረጡና በእጃችሁ ሰሌዳው ላይ ገልብጡት፤ የፊደል ግድፈቱን፣ ቀኑን፣ የቻናሉን ስም፣ «ሼር ሳታደርጉ እንዳታልፉ» የሚለውንም ሳትተዉ። ስልክ ላይ በአውራ ጣት ሽው ብሎ የሚያልፍ ጽሑፍ በጠመኔ ቀስ እያለ ሲወጣ፣ ገና ሳልጨርስ ከኋላ ወንበር ማጉረምረም ይጀመራል። የግለሰብ ስም ካለበት አውጡት። ብሔርና ሃይማኖት የሚነካውን ደግሞ ቢያንስ በመጀመሪያው ወር አትንኩት፤ የጤፍ ዋጋ፣ የፈተና ውጤት፣ የውሃ ፈረቃ ይበቃል።

ከዚያ ሙግቱ። አባቶች «በላ ልበልሃ» ብለው ሲሟገቱ ተሟጋች ባላጋራውን «ተጠየቅ!» ይለው ነበር። እኛም እንዲሁ እናደርጋለን። አንድ ልጅ ተነሥቶ ለፖስቱ ጠበቃ ይቆማል፤ ሌሎቹ በየተራ «ተጠየቅ!» ይሉታል። በዓይኑ ያየ ማን ነው? አንተ ከማን ሰማህ? የት? መቼ? ውሸት ሆኖ ቢገኝ የሚጎዳው ማን ነው? ነጥብ የምሰጠው ለረታው አይደለም። «አላውቅም» ላለ አንድ ነጥብ፣ «አላውቅም፣ ግን እንዲህ አድርጌ አጣራለሁ» ላለ ሁለት። አንዳንድ ባልደረቦቼ ይህን አይወዱትም፤ ለአላዋቂነት ማርክ ትሰጫለሽ ይሉኛል።

ከጥያቄዎቹ ሁሉ ብዙ ያተረፈልን «መቼ?» ነው። በ2017 ዓ.ም. አንድ ልጅ «ማርች 12፣ 2017» የሚል ቀን ያለበት ፖስት አመጣ፤ ክፍሉ በሙሉ የዘንድሮ ነው አለ። ወደ እኛ ዘመን ስንመልሰው መጋቢት 3 ቀን 2009 ሆነ፤ ስምንት ዓመት ያለፈው ወሬ ትኩስ መስሎ መጣ ማለት ነው። አንዱ ቁጥር በሁለት ዘመን ያገለግላልና ልወጣውን አስለምዷቸው፦ ከመስከረም እስከ ፈረንጆች አዲስ ዓመት 7፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን 8 ከፈረንጁ ዓመት ይቀነሳል።

ፎቶ ከሆነ ስልካችሁን አውጡና ጉግል ሌንስ ላይ አስገቡት፤ ቀድሞ የወጣበት ቦታ ብዙ ጊዜ ይገኛል። ቴሌግራም ላይ ከሌላ ቻናል «ፎርዋርድ» የተደረገ ከሆነ ብዙ ጊዜ ከላይ የምንጩ ስም ይታያል፤ ስሙን ሲነኩት ወደ መጀመሪያው ቻናል ይወስዳል። ኔት ከሌለ ደግሞ ዓይን አለ፦ የሱቅ ማስታወቂያው በምን ቋንቋ ነው? ታርጋው የየት ነው? መኪኖቹ በመንገዱ በየት በኩል ይሄዳሉ? ያ የእኔ የዓባይ ፎቶ ላይ መኪኖቹ ግራውን ይዘው ነበር። እኛ አገር በቀኝ እንደሚነዳ ለማወቅ መንጃ ፈቃድ አያስፈልግም ነበር።

ሕጉንም አንብቡላቸው፤ የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ነው። ግን ከሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 ጎን ለጎን አንብቡት፤ መረጃ የመፈለግና ሐሳብን የመግለጽ መብት እዚያ አለ። ቅጣቱን ብቻ የሰማ ልጅ መጠየቁንም ይተዋል።

በስልክ ያልተፈታው ጥያቄ በወረቀት ይሂድ። አንድ ጊዜ ስለ ውሃ ፈረቃ የወጣ ፖስት እውነት ይሁን ውሸት ማወቅ ስላቃተን ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ጻፍን። የመረጃ ነፃነትን የያዘው አዋጅ ቁጥር 590/2000 ለዜጋ መረጃ የመጠየቅ መብት ይሰጣል። ደብዳቤው አንድ ጥያቄ ብቻ ይያዝ፤ ቀን ይኑረው፤ መዝገብ ቤት ገብቶ ቁጥር ይሰጠው፤ ግልባጩ ክፍል ውስጥ ይቀመጥ። ልጆቹ መጀመሪያ «በታላቅ ትሕትና እንለምናለን» ብለው ጽፈው ነበር። «እንለምናለን»ን ሰርዤ «እንጠይቃለን» አስጻፍኋቸው።

ሁለት ጊዜ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» ተባሉ። በ19ኛው ቀን ማኅተም ያረፈበት አንድ ገጽ መልስ መጣ፤ ደስ ብሎኝ እንደ ልማዴ ሰሌዳው ላይ መገልበጥ ጀመርሁ። ገና ሁለተኛው መስመር ላይ ሳለሁ ከኋላ ወንበር አንዲት ልጅ ተነሣችና፦

«ቲቸር፣ ይጠየቅ! ቀን የለውም።»